የገብረ ክርስቶስ ግራ እጅ

ሣህለ ማርያም ቢቸና ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ከገበያው ወደ ፖሊስ ጣቢያው በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በቤቱ የቆርቆሮ በረንዳ ሥር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሱሪ ያሳጥራል፣ ኮት ይገለብጣል፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቷል። ቁጥብ ሰው ነው፤ ለሰላምታ እንኳ ከመርፌው ቀና የሚለው አልፎ አልፎ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከአብዮቱ በፊት፣ ከአብዮቱም በኋላ ለጥቂት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማው ሆቴል አዳራሽ ጃዝ ይመታ ነበር። ጃዝ ማለት ለቢቸና ሰው የሙዚቃ ዓይነት አይደለም፤ መሣሪያው ራሱ ነው። በእግር የሚመታ አንድ ትልቅ ከበሮ፣ በእንጨት የሚመቱ ሦስት ትንንሽ ከበሮዎች፣ በዘንግ ላይ የተሰቀሉ ሁለት የናስ ሳህኖች። የሆቴሉ ባለቤት አዲስ አበባ ከአንድ አርመን ሙዚቀኛ ሲገዛው ያኔም አሮጌ ነበር። ዙሪያው ዕንቁ የመሰለ ነጭ ልባስ ነበረው፤ ፊቱ የጥጃ ቆዳ ነው። ሣህለ ማርያም ምቱን የተማረው በወጣትነቱ ጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ደብረ ወርቅ አራት ዓመት ቅኔ ተቀኝቷል። ቅኔውን ትቶ ወታደር ሲሆን አባቱ ሁለት ዓመት አላናገሩትም።

አብሮት የሚጫወተው ገብረ ክርስቶስ ነበር፤ ቀን የፍርድ ቤት መዝገብ ጸሐፊ፣ ቅዳሜ አኮርዲዮን ተጫዋችና ዘፋኝ። ድምፁ ሰው ያስቆም ነበር። ግጥሙን የሚሰጠው ግን ሣህለ ማርያም ነው። ዘፈኑ መሐል ላይ ገብረ ክርስቶስ አኮርዲዮኑን እንዳቀፈ ወደ ጃዙ ጎንበስ ይላል፣ ሣህለ ማርያም ምቱን ሳያቋርጥ ሁለት ስንኝ በጆሮው ሹክ ይለዋል፤ እሱም ቀና ብሎ ይለቀዋል። ሰው ሁሉ ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ይመስለው ነበር። ሁለቱም አላረሙትም።

በስልሳ ሰባት ሆቴሉ ተወርሶ የቀበሌው መዝናኛ ሆነ። ቅዳሜው ግን አልቀረም። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ከሰፈራቸው አራት ወጣቶች በአንድ ሳምንት ተወስደው ሳይመለሱ ቀሩ። በዚያው ቅዳሜ ገብረ ክርስቶስ እንደ ልማዱ ጎንበስ ሲል፣ ሣህለ ማርያም ሳምንቱን ሙሉ ከመኪናው ጋር ሲያብሰለስለው የሰነበተውን ሹክ አለው። ገብረ ክርስቶስ ለአንድ አፍታ ዓይኑን አየው። ከዚያ ቀና አለና ዘፈነው፦

የኛ ሰፈር ልጆች ወዴት ሄዱ ቢሉኝ፤
እርምጃ በዝቶ ነው ደክሟቸው ተኙብኝ።

ሰሙ መንገደኛ ነው፤ ብዙ የተራመደ ሰው ይደክመዋል፣ ይተኛል። ወርቁን ለማውጣት ግን በዚያ ዘመን ቅኔ ቤት መግባት አያስፈልግም ነበር። ሬዲዮው በየማታው «እርምጃ ተወሰደባቸው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሕፃን ያውቃል።  አንዲት ሴት ነጠላዋን በአፏ ላይ አደረገች።

ሰኞ ጠዋት ገብረ ክርስቶስን ወሰዱት። ሣህለ ማርያም ለረቡዕ ተጠራ። ማክሰኞ ማታ ሚስቱ ይርጋነሽ ሦስቱን ልጆች ካስተኛች በኋላ አጠገቡ ተቀምጣ፣ እነዚህን ልጆች የሚያሳድጋቸው ማነው ብላ ጠየቀችው። በማግስቱ መርማሪው ግጥሙ ምን ማለት እንደሆነና ከማን እንደመጣ ጠየቀው። ሣህለ ማርያም፣ «እኔ ከበሮ መቺ ነኝ፤ ከበሮ የሚመታ ሰው ግጥም አይሰማም» አለ። ጻፉት፤ ፈረመ፤ ወጣ።

ገብረ ክርስቶስ ስሙን አላነሳም። ለአረም ዘመቻ በእግራቸው ስለሄዱ ልጆች የተዘፈነ ነው እያለ እንደ ጸና አሥራ አንድ ወር ታሰረ። በእነዚያ ወራት ሚስቱ ወለተ ገብርኤል አገልግል ተሸክማ በየቀኑ በሣህለ ማርያም በረንዳ ፊት ወደ ጣቢያው ታልፍ ነበር። ሲፈታ ሥራውም ቤቱም አልነበረም። ሚስቱንና አንዲት ልጁን ባንቺዓለምን ይዞ ወደ ሚስቱ አገር ወደ ሞጣ ሄደ። ሣህለ ማርያም አልሸኘውም። ከዚያ ወዲያ የጃዙ ወንበር ላይም አልተቀመጠም።

አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በሰባ አምስት ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ አብዱሰመድ በረንዳው ላይ መጣ። አብዱሰመድ የሞጣ ነጋዴ ነው፤ በትንሽ የጭነት መኪናው ጨውና አቡጀዲ እያመላለሰ ከሞጣ ቢቸና የሚሠራ፣ ቀልድና መልእክት እኩል የሚያደርስ ሰው። ዛሬ ግን ሳይቀልድ፣ ገብረ ክርስቶስ ላከኝ አለው፤ ባንቺዓለምን ለጥር ሃያ ሁለት እሑድ እድራለሁ፣ ጃዙን ይዘህ ና ብሏል። ሌላስ ምን አለ ብሎ ቢጠይቀው፣ ሌላ የለም አለው።

ሣህለ ማርያም ያን ቀን የሰፋውን ሁለት ጊዜ ተረተረ። ሊያዋርደኝ ይሆን፣ በሰው ፊት ሊጠይቀኝ ይሆን እያለ አሰበ። ለይርጋነሽ ሲነግራት እህል እየለቀመች ነበር፤ እጇን አቆመች። ያኔ ያስቀረሁህ እኔ ነኝ፣ አሁን አላስቀርህም፣ ሂድ አለችው።

ጃዙ የቀበሌው ንብረት ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ፋንታ ወጣት ቢጤ፣ ከሌላ ወረዳ ተዛውሮ የመጣ ሰው ስለነበር የድሮውን ነገር በወሬ ብቻ ነው የሚያውቀው። ለማን ሰርግ እንደሆነ ሲሰማ እስክሪብቶውን በጣቱ መሐል ሲያዟዙር ቆየና፣ ሰኞ ይመለስ ብሎ ፈቀደ። የርክክብ ወረቀቱ ላይ «ኃላፊነቱን ወስጃለሁ» የሚል መስመር ነበር። ሣህለ ማርያም ፈረመ።

መጋዘኑ ሲከፈት ትልቁ ከበሮ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ተከምሮበት አገኘው። ነጩ ልባስ ቢጫ ሆኗል፤ አንዱ ሳህን ጠርዙ ተሰንጥቋል፤ የእግር መርገጫው ማሰሪያ በስብሶ ተበጥሷል። ቆዳዎቹ ግን ደህና ናቸው፤ አይጥ አልነካቸውም። ዓርብን ሙሉ በረንዳው ላይ ሲያጸዳው ዋለ። ለመርገጫው ጠፍር ቆርጦ አሰረለት፤ የላላውን ቆዳ ፀሐይ አስመትቶ ወጠረው። አልመታውም። አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ ቢያይም የጠየቀው የለም።

ቅዳሜ ማለዳ ከጨው ጆንያ መሐል አመቻችተው ጭነውት ተነሡ። ደብረ ወርቅ ሲደርሱ አብዱሰመድ ሻይ ልጠጣ ብሎ ቆመ። ሣህለ ማርያም ከጋቢናው አልወረደም፤ ቅኔ የተማረባቸውን ጎጆዎች በመስኮት እያየ ጠበቀው። ጉንደ ወይን መግቢያ ላይ የኬላ ጠባቂ አስቆማቸው። ገበያ ነበርና ሰው ይርመሰመሳል። ጠባቂው ሸራውን ገልጦ ነጩን ከበሮ ሲያይ ምንድን ነው አለ። ጃዝ ነው አሉት። በውስጡ ምን አለ አለ። ባዶ ነው ቢሉት አላመነም፤ ባዶ ከሆነ ምቱት አለ።

ሣህለ ማርያም ወጥቶ ጆንያው ላይ ቆመና እንጨቶቹን ከኮቱ ኪስ አወጣ። ትንሹን ከበሮ አንዴ መታው። ሁለተኛ መታው። ክንዱ ሳያማክረው ሦስተኛና አራተኛውን አከታተለ። ጎመን የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ከተቀመጠችበት ትከሻዋን ነቀነቀች፤ አጠገቧ ያሉት ሣቁ። ጠባቂውም ፊቱ ፈታ ብሎ እለፉ አለ። ሣህለ ማርያም ወደ ጋቢናው ሲመለስ እንጨቶቹን ኪሱ አልከተታቸውም፤ ጉልበቱ ላይ ይዟቸው ተቀመጠ። አብዱሰመድ አየና ሞተሩን አስነሣ።

ሞጣ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። የገብረ ክርስቶስ ግቢ ዳስ ተጥሎበታል፤ ቄጤማ ይራገፋል፣ ጠላ ይጠለላል፣ በጓሮ በኩል ለሙስሊም ጎረቤቶች የሚታረደው በግ ለብቻው ታስሯል። መጀመሪያ ያየችው ወለተ ገብርኤል ናት። ድሮ «ወንድም ጋሼ» ነበር የምትለው። አሁን ግን ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ «እንደምን ሰነበቱ አቶ ሣህለ ማርያም» አለችውና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ገብረ ክርስቶስ ከዳሱ ውስጥ ወጣ። ሸብቷል፤ ቀጥኗል። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ይርጋነሽ ጤና ጠየቀው፤ ሣህለ ማርያም እየተንተባተበ መለሰ። ከዚያ ጃዙን አውርደው ዳሱ ጥግ ላይ ሲያቆሙ፣ ገብረ ክርስቶስ በቀኝ እጁ ብቻ እንደሚያነሣ ሣህለ ማርያም አስተዋለ። ገብረ ክርስቶስም ማስተዋሉን አየና ግራ እጁን ዘረጋለት። ሁለቱ ጣቶች ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀርተዋል፤ የቀሩትም እንደልብ አይታዘዙም። እዚያ ጣቢያው ውስጥ ነው አለና አኮርዲዮኑን አነሣ።

አኮርዲዮን በቀኝ እጅ ዜማው ይጫወታል፣ በግራ እጅ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ከሥር ይሄዳል። ገብረ ክርስቶስ አንድ ዘፈን ጀመረለት። ዜማው አምሮ ወጣ፤ ከሥሩ ግን ምንም የለም፤ ወለል እንደሌለው ቤት ነው።

«ሞጣ ውስጥ ከበሮ መቺ ጠፍቶ አይደለም» አለው። «እኔ ግን ልጄን በግማሽ ዘፈን ልድራት አልፈለግሁም። ግራ እጄ የት የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ ሰው ካንተ ሌላ የለም። በዚያ በትልቁ ከበሮ እሱን ተካልኝ።»

ሣህለ ማርያም አንገቱን ደፋ። ግጥሙ የኔ መሆኑን ለወለተ ገብርኤል ልንገራት አለው፤ አራት ዓመት ከመንፈቅ ተሸክሜዋለሁ አለው። ገብረ ክርስቶስ፣ ለሷም ቢሆን አልነገርኳትም አለው። ነገ የባንቺዓለም ቀን ነው፤ የሷን ቀን የኛ አናድርገው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልብህ አለው።

እሑድ ሙሽራው አጃቢዎቹን አስከትሎ ሲመጣ ፀሐይ መሐል አናት ላይ ነበረች። ዳሱ ጠባብ ስለሆነ ከመቶ ሰው አይበልጥም። ምሳ ተበልቶ፣ ሽማግሌዎች መርቀው ሲያበቁ ገብረ ክርስቶስ አኮርዲዮኑን አነገተ። ሣህለ ማርያም ጃዙ ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያው አላማረም። ሣህለ ማርያም በፍርሃት ሁሉንም ከበሮ ባንድነት ይደበድብ ጀመር። የተሰነጠቀው ሳህን ተንጫረረ፤ ድምፁ ዳሱን ሞልቶ አኮርዲዮኑን ዋጠው። ቄሶቹ ተያዩ፤ ሙሽሪት አንገቷን ደፋች። ወለተ ገብርኤል እጇን አጣጥፋ ምሰሶው ሥር ቆማለች። ገብረ ክርስቶስ ሳይቆጣ ወደሱ ዞር አለና የታጠፈችውን ግራ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ መታ፤ ዱም፣ ዱም፤ እዚህ ነኝ እንደማለት።

ያን ጊዜ ሣህለ ማርያም እንጨቶቹን ከቆዳው ላይ አነሣ። በእግሩ ብቻ ቀጠለ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ እጁ ጃዝ አይምታ እንጂ እግሩ ከስፌት መኪናው መርገጫ ወርዶ አያውቅም፤ ልኩን አልሳተም። ዜማው ወደ ታች ሲወርድ ትልቁ ከበሮ ከሥር ይቀበለዋል፤ ሲወጣ ይሸኘዋል። ቀስ በቀስ እንጨቶቹን ወደ ከበሮው ጠርዝ መለሳቸው፤ ቆዳውን ሳይሆን እንጨቱን እያንኳኳ የችክችካውን ምት አስገባ። የሙሽራው ሚዜዎች ተነሡ። የሞጣ እስክስታ አንዴ ከተነሣ የሚያቆመው የለም፤ ዳሱ አቧራውን እያጨሰ ተናወጠ፣ አብዱሰመድ ሳይቀር ጥግ ላይ ሆኖ ያጨበጭባል።

እንደዚያ እንደሞቀ ገብረ ክርስቶስ አኮርዲዮኑን አቅፎ ወደ ጃዙ ጎንበስ አለ። ጆሮውን ሰጠው። ሣህለ ማርያም ምቱ ሊያመልጠው ለትንሽ ተረፈ። ከዚያች ግንቦት ወዲህ አንድ ስንኝ አልቋጠረም፤ ባዶ ነኝ ሊለው ፈልጎ ነበር። የገብረ ክርስቶስ ጆሮ ግን አልተነሣም። ሙሽሪትን አየ፤ ስሟን በልቡ ጠራ፤ ስሟ መንገድ ከፈተለትና ሹክ አለው። ገብረ ክርስቶስ ቀና አለ፦

ጨለማ ነው ብለን ደጁን ዘግተን ሳለን፤
ባንቺ ዓለም አየን ዛሬ ቀን ወጣልን።

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ባንቺዓለም ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ሆነው ገብረ ክርስቶስን፣ ምላስህን ይባርከው አሉት። ገብረ ክርስቶስም በደስታ ብዛት፣ ላቡ እየወረደ፣ «ምርቃቱ ለሱ ነው አባቴ» አላቸው ወደ ጃዙ እየጠቆመ። «ግጥሙ እንደ ድሮው ከሣህለ ማርያም ነው፤ የኔ ድምፁ ብቻ ነው።»

ሣህለ ማርያም ወደ ምሰሶው አየ። ወለተ ገብርኤል ታጨበጭብ ነበር፤ እጆቿ እንደተነካኩ ቆሙ።

ሙሽሪት ወጥታ፣ አጃቢው ጭፈራውን ይዞ ወደ ታችኛው ሰፈር ከወረደ በኋላ ዳሱ ባዶ ሆነ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሣህለ ማርያም ሳህኖቹን ከዘንጋቸው ሲያወርድ ወለተ ገብርኤል መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ያኛውስ?» አለችው።

የቱ ብሎ አልጠየቃትም። «ያም የኔ ነው» አላት።

እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ስትናገር አንቱታው ቀርቶ ነበር።

«አሥራ አንድ ወር ስንቅ ይዤ በደጅህ አልፌያለሁ።»

«አውቃለሁ። አንገቴን ከመኪናው ቀና አላደርግም ነበር።»

«እኔ ደግሞ ሥራ በዝቶበት ነው እል ነበር።»

ገብረ ክርስቶስ ከጓሮ ሲመጣ ሁለቱን አይቶ ነገሩ ገባው። ወለተ ገብርኤል ወደ ባልዋ ዞራ ከእኔም ደበቅህ አለችው። እሱም፣ ብታውቂ ኖሮ በሩ ላይ ቆመሽ ትጮኺ ነበር፣ እነሱም ይሰሙሽ ነበር፣ ሁለት ቤት በአንድ ግጥም አይፍረስ ብዬ ነው አላት። እሷ ወደ ሣህለ ማርያም ተመልሳ፣ «እሱ ይቅር ካለህ ቆይቷል፤ እኔ ግን የሰማሁት ዛሬ ነው» አለችው። ተነሥታም የተበታተኑትን ብርጭቆዎች መሰብሰብ ጀመረች።

ሰኞ ማለዳ ሣህለ ማርያም ጃዙን አስጭኖ ተመለሰ። ገብረ ክርስቶስ እስከ መኪናው ሸኝቶት፣ ለመልሱም እፈልግሃለሁ አለው። ጓድ ፋንታ ዕቃውን ቆጥሮ ተረከበ፤ የአኮርዲዮኑንና የጃዙን ወሬ ከአብዱሰመድ ሰምቶ ኖሮ፣ መጋዘን ከሚበሰብስ አንተ ዘንድ ይቀመጥና ሲያስፈልገን እንጠራሃለን አለው። ስለዚህ ትልቁ ከበሮ ከስፌት መኪናው ጎን በረንዳው ላይ ዋለ። በመልሱ ሰርግ ሁለቱ አብረው ተጫወቱ፤ ወለተ ገብርኤል ሰላም አለችው፣ ምግብ አቀረበችለትና ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት ሲጋመስ፣ የአብዱሰመድ መኪና በረንዳው ፊት ቆመና ወለተ ገብርኤል ወረደች። ብቻዋን ነበረች። ለገበያ መጥቼ ነው አለችው፤ የያዘችው ግን ባዶ ዘንቢል ነው። ቁጭ አለች። ይርጋነሽ ውሃ አቀረበችላት። ስለ ባንቺዓለም አወሩ፤ እርጉዝ ናት አለች። ስለ ሞጣ እህል ዋጋ አወሩ። ወደ ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ በዓይኗ እስከ ጫፉ ተከተለችው።

ከዚያ፣ «ከመነሻው ንገረኝ» አለችው። «ግጥሙ የመጣልህ ቀን ጀምረህ። ምንም አታስቀር።»

ሣህለ ማርያም እግሩን ከመርገጫው አነሣ። መቀሱን አስቀመጠ፤ መነጽሩን አወለቀ። ሊጀምር አፉን ሲከፍት ይርጋነሽ ከቤት ውስጥ መቀመጫ ዱካ ይዛ ወጣች። የኔም ድርሻ አለበት ብላ፣ ከወለተ ገብርኤል ጎን ተቀመጠች።